አባ ቢሻኒና ቢጫው ታንከር

ከሮቤ ወደ ጎባ ሲሄዱ፣ የገብስ ማሳው አልቆ መንገዱ ሽቅብ ማለት ሲጀምር፣ በግራ በኩል አንድ ቢጫ ጀሪካን ይታያል። ቁመቱ ከሦስት ፎቅ ይበልጣል። እጀታ አለው፣ ቀይ ክዳን አለው፣ አራት የብረት እግር አለው። የደሎ መና አውቶቡስ እዚያ ደርሶ ካልቆመ ተሳፋሪው ያጉረመርማል። ሁሉም ወርዶ ክንዱን ዘርግቶ፣ ጀሪካኑን በሁለት ጣቱ ያንጠለጠለ መስሎ ፎቶ ይነሣል። የባጃጅ ሾፌሮቹም የሰፈራችንን ስም ረስተውታል። «ጀሪካኑ ጋ ወራጅ አለ» ካልተባሉ አያቆሙም።

ሰው ሲያየው ይስቃል። እኔ ያሠራው ኮሚቴ ጸሐፊ ስለነበርኩ ብዙም አያስቀኝም። ሀዋኒ እባላለሁ። የምሠራው ቀበሌ መዝገብ ቤት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ነው ብል አልዋሸሁም። ስለዚህ የድሮ የውሃ ታንከር ብቻ አሥራ አራት ስብሰባ ተቀምጫለሁ። የሚጠይቀኝ ሁሉ ቀለሙን ማን መረጠው፣ እጀታውን ማን በየደው እያለ ነው። እኔ ታንከሩን ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ ግን ጋሽ ብዙነህ ናቸው።

ጋሽ ብዙነህ ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህ ታንከር ቁልፍ ያዥ ነበሩ። ቁልፍ ስል የበር ቁልፍ እንዳይመስላችሁ። ክንድ የሚያህል ብረት ነው፤ መሬት ውስጥ የተቀበሩት የቧንቧ መዝጊያዎች የሚዞሩት በእሱ ነው። ሰኞ ለላይ ሰፈር፣ ማክሰኞ ለገበያው፣ ሐሙስ ለመስጊዱ ሰፈር፣ ቅዳሜ ለታች ሰፈር ይከፍታሉ። ፈረቃ ይባላል። ጠዋት ጠዋት መሰላሉን ወጥተው የውሃውን ልክ በዘንግ ይለካሉ፣ ወርደው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ጉልበታቸውን የበላው ያ መሰላል ነው። ዛሬ ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ።

አያታቸው ከሰሜን መጥተው ባሌ የቀሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው አድገው ኦሮምኛውን ከእኔ በተሻለ ይናገሩታል። ሰዉ «አባ ቢሻኒ» ይላቸዋል፤ የውሃ አባት እንደ ማለት ነው። ሲጠሯቸው ቁልምጫ ይመስላል፤ ግማሹ ሰው ግን ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚጠራቸው። የውሃ ቁልፍ የያዘ ሰው ወዳጅ የለውም። ሰርግ ያለበት ይለምናል፣ ተዝካር ያለበት ይለምናል፣ ቤት የሚሠራው ጭቃ ማቡኪያ ብሎ ይለምናል። እሺ ካሉ አዳሉ ይባላል፣ እምቢ ካሉ ጨካኝ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋርጋ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ «እኛ ቤት ሰላምታ እንኳ ጀሪካን አንጠልጥሎ ነው የሚመጣው» ይሉ ነበር።

ኋላ ኮረብታው ላይ ሌላ ማጠራቀሚያ ተሠራና ታንከሩ ደረቀ። ዝገት በላው፣ እርግብ ሰፈረበት። ከጥቂት ዓመት በፊት ደግሞ ተቆርጦ ለብረት ጨረታ ሊወጣ ነው ተባለ። ይኼኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲረግመው የኖረ ሰው ሁሉ «ቅርሳችን ነው!» ብሎ ተነሣ። ሰው እንዲህ ነው። እናም ኮሚቴ ተቋቋመ፣ እኔም እስክሪብቶ ያዝኩ።

ስብሰባውን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብላችሁ እለፉት። አንዱ ታንከሩ የቀይ ቀበሮ ምስል ይሁን አለ። የብረት በያጁ ደራራ «ቀበሮ አራት ማዕዘን ሆኖ አያውቅም» ብሎ አከሸፈው። ሌላው ጀበና አለ። «በያደባባዩ ጀበና ነው፤ ደግሞ እኛ ገብስ እንጂ ቡና አናበቅል፣ ደሎ መናዎች ይስቁብናል» ተባለ። አራተኛው ስብሰባ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ዝም ብለው የቆዩት ጋሽ ብዙነህ ድንገት ተናገሩ።

«ጀሪካን ነው የሚመስለው» አሉ። «እኔ እዚያ ላይ ሆኜ ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁት ጀሪካን ብቻ ነው።»

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ቀጥሎ ሁሉም በየሆዱ ማሰብ ጀመረ መሰለኝ። ከመካከላችን ወረፋ ያልቆመ፣ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ትከሻው ያልተላጠ ማን አለ? በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ደራራ ከአሮጌ ቧንቧ እጀታውን በየደ። ለክዳኑ የተበላሸ የቴሌቪዥን ዲሽ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ተሰቀለ። ቀቢው ቶላ በገመድ ተንጠልጥሎ ሁለት ሳምንት ቢጫ ቀባ።

ከሥሩ ደግሞ ወረፋ እንዲሠራ ተወሰነ። ያኔ ቀኑን ሙሉ መቆም የማይችል ሰው ጀሪካኑን በቦታው አስቀምጦ ይሄድ ነበር፤ ጀሪካኑ እንደ ሰው ተቆጥሮ ተራ ይይዛል። የማን እንደሆነ እንዲታወቅ አንዱ ቀይ ጨርቅ ያስርበታል፣ አንዱ በጋለ ብረት ምልክት ያደርግበታል። እያንዳንዱ ቤት የድሮ ጀሪካኑን ያምጣና አፈር ሞልተን አበባ ተክለን በረድፍ እናቁመው አልን። ይህም ጠብ አመጣ። «የእነሱ ጀሪካን ከእኛ ፊት እንዴት ይቆማል?» ተባለ። ጠብታ ውሃ በሌለበት ወረፋ ላይ ሁለት ሴቶች ነጠላ ለነጠላ ተያያዙ። ጋሽ ብዙነህ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው «በመጡበት ይቁሙ» ሲሉ ቀረ።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ቶላ ቀለም ተርፎኛል አለ። ኮሚቴውም በመንገዱ በኩል ባለው ገጽ ላይ የጋሽ ብዙነህ ፊት ይሳል፣ ከሥሩም «ምስጋና ለአባ ቢሻኒ» ተብሎ ይጻፍ አለ። ተጨበጨበ።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ብዙነህ።

በእኛ አገር የተከበረ ሰው መጀመሪያ እሺ አይልም። ሦስት ጊዜ እምቢ ማለት ወግ ነው፤ ሲለመን ይግደረደራል፣ ኋላ እሺ ይላል። ስለዚህ «ኧረ ጋሼ፣ ይገባዎታል» እያልን ለመንን። «አይሆንም አልኩ እኮ» ብለው ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ «በትሕትና አመነቱ» ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩት ፊት የሚባል የለበትም። ትሕትና አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን መዝገብ ቤት መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅሁ። ፊታቸው ገርጥቶ ነበር።

«ሳቢሪን ትናንት ቤቴ መጣች» አሉኝ። ሳቢሪን ታንከሩ አጠገብ ድንችና ካሮት የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። «ለአረፋ ሼክ ሁሴን ልትሄድ ነው። በር ላይ ቆማ፣ ‹ጋሼ፣ የበደልኩዎት ካለ አውፍ በሉኝ› አለችኝ።»

«ታዲያ ምን አለ? እኔም ጋ መጥታለች» አልኳቸው። ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዚያራ የሚሄድ ሰው ከመንገዱ በፊት ጎረቤቱን እየዞረ አውፍ ይጠይቃል፤ ይቅርታ ማለት ነው። ቂም ይዞ ዚያራ አይኬድም። የተጠየቀው ሰው «አውፍ ብያለሁ፣ አንቺም አውፍ በይኝ» ብሎ ይሸኛል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል።

«ሀዋኒ፣ እሷ ናት እኔን አውፍ በሉኝ የምትለኝ? ምንም ሳልመልስ በሩን ዘጋሁባት።»

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አወጡት። ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ነሐሴ ነበር። የውሃ መግፊያው ሞተር ተቃጥሎ፣ ታንከሩ ውስጥ ያለችውን ውሃ እያብቃቁ በፈረቃ ያዳርሳሉ። በዚያው ሰሞን ለአንድ ሰርግ አዝነው ከፈረቃ ውጭ ከፈቱ። ታች ሰፈር ዱላ ይዞ መጣባቸው። አለቃቸውም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፈባቸው። ቤታቸው ውስጥ አራት ተማሪ ልጆች ነበሩ።

በሳምንቱ ረቡዕ ጠዋት የሳቢሪን አባት አቶ ወዚር ሞቱ። ከጊኒር ከብት እያመጡ የሚነግዱ፣ ሰው የሚወዳቸው ሰው ነበሩ። ሬሳው መታጠብ አለበት፣ በዚያው ቀን መቀበር አለበት። የመስጊዱ ሰፈር ፈረቃ ደግሞ ሐሙስ ነው። የሟች ሚስት፣ የሳቢሪን እናት፣ ራሳቸው ጋሽ ብዙነህ ቤት መጡ።

«‹አባ ቢሻኒ፣ ማሎ› አለችኝ» አሉ ጋሽ ብዙነህ። ማሎ በኦሮምኛ እባክህ ማለት ነው፤ ግን አንጀት ውስጥ የሚገባ እባክህ ነው። «‹ሞት ፈረቃ ጠብቆ አይመጣም፤ ለግማሽ ሰዓት ክፈትልኝ› አለችኝ። እኔ ደግሞ ‹ፈረቃው ነገ ነው› አልኳት። ቁልፉን በእጄ ይዤ። ከራስ በላይ ነፋስ አልኩ፣ ሀዋኒ። ዞራ ሄደች።»

ውሃው ከሻያ ወንዝ በአህያ መጣ። የነሐሴ ሻያ ጭቃ ነው። ቀብሩም ዘግይቶ ወደ አመሻሹ ሆነ። ጋሽ ብዙነህ ከቀባሪው ጋር ቆመው ነበር፤ ማንም ምንም አላላቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከዚያ ቤት አንድ ሰው መጥቶ ከፈረቃ ውጭ ክፈቱልን ብሎ አያውቅም። ሠርግ ደገሱ፣ አልመጡም። ሌላ ሰው ሞተባቸው፣ አልመጡም። ጋሽ ብዙነህ ይህንን ቂም ነው ብለው ያዙት። እናትየዋ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ፣ ወንድሞቿም ወደ ቆላው ሄዱ፣ ሳቢሪን ብቻ ቀረች። በበራቸው ስታልፍ ሰላም ትላቸዋለች። እሳቸው በየቀኑ ያችን ሰላምታ እንደ ፍርድ ሲቀበሏት ኖሩ።

«አሁን ደግሞ ፊቴን በሯ ፊት ለፊት ሊሰቅሉት ነው» አሉ። «ፊቱስ ይቅር። እኔ የምፈልገው ከአፏ አውፍ የሚለውን ቃል ሰምቼ መሞት ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ደክሞኛል። ነገ ከመሄዷ በፊት እማኝ ሁኚኝና አብረን እንሂድ።»

እኔም ብልህ ነኝ ብዬ «ይንገሯት፤ እሷም ከሆዷ ይወጣላታል፣ ቀለል ይላታል» አልኳቸው። ይህንን ማለቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ማን ጠየቀኝ?

ከሰዓት በኋላ ሄድን። በታንከሩ ሥር ስናልፍ ቶላ ከላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ነገ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ይሉልኛል? አፍንጫዎን ልለካው ነው» ብሎ ጮኸ። ቀና ብለው አላዩትም። ሁለት ጊዜ አረፉ። አንዴ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ፣ አንዴ የሳቢሪን አጥር ጋ።

ሳቢሪን ዕቃዋን እያሰረች ነበር። ሼክ ሁሴን የሚሄዱ ሰዎች የሚይዙት ባላ ዱላ በሩ ላይ ቆሟል። ስታየን ፊቷ በራ።

«አከም ኦልታን፣ እንዴት ዋሉ ጋሼ! ሀዋኒ፣ ግቢ። ትናንት አሞዎት ነበር መሰለኝ፤ አላስቸግርዎት ብዬ ነው የተመለስኩት።» ዱካ አቀረበች። ጋሽ ብዙነህ አልተቀመጡም።

«ሳቢሪን፣ አውፍ በይኝ» አሉ።

«አውፍ ብያለሁ፣ ጋሼ! ባወቅሁትም ባላወቅሁትም» አለች እየሳቀች። ወጉ እንደሚለው ቶሎ መለሰች።

የፈለጉትን ቃል ሰጥታቸው ነበር። እዚያ ላይ ቢያበቁ ኖሮ ሻይ ጠጥተን፣ መርቀን ሸኝተናት እንመለስ ነበር። እሳቸው ግን በሐሰት የተመዘነ ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው።

«እንደ ወጉ አይደለም የምልሽ። የአባትሽን ነው።»

«የአባቴን ምን?»

«የቀብሩን ቀን። የውሃውን።»

ሳቢሪን ግራ ገብቷት አየችኝ፤ መልሳ እሳቸውን አየች። «ውሃው እኮ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ ጋሼ። እርስዎ አልነበሩም። እናቴ ቤትዎ ደርሳ ተመልሳ፣ ‹አባ ቢሻኒ የለም፣ ቁልፉን ይዞ ጎባ ሄዷል፣ ታንከሩም ደርቋል› አለችን። ኋላም፣ ‹ያ ሰው በሥራው መከራውን ያያል፣ እናንተ ደግሞ ከፈረቃ ውጭ አታስቸግሩት› ትለን ነበር።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቂም ያሉት ነገር ቂም አልነበረም። እናትየዋ እውነቱን ለማንም ሳይናገሩ ይዘውት ተቀብረዋል። ጋሽ ብዙነህን ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው። «አዎ፣ ጎባ ነበርኩ» ይበሉ ብዬ በሆዴ ለመንኩ። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ሰው እንዲዋሽ የለመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ቤቴ ነበርኩ» አሉ። «እናትሽ መጥታለች። ለምናኛለች። እምቢ አልኳት።»

ሳቢሪን ድንች የያዘው ጆንያ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከውጭ የአንድ አይሱዙ ድምፅ መጥቶ አለፈ።

«ወንድሞቼ ዱላ ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና። «እናቴ ከሩቅ ስትመጣ ‹ምን አለሽ?› ብለው ተነሡ። ‹የለም› ብላ ያስቀመጠቻቸው እሷ ነች።» ቀና አለች። «ውሃ ነበረ?»

«ነበረ።»

«ምን ያህል?»

ጠዋት ለክተውት ነበር፣ ሊረሱት አልቻሉም። «ከግማሽ በላይ» አሉ።

«ከሻያ የመጣውን ያጣራሁት እኔ ነኝ» አለች ሳቢሪን። «በአዲስ ሻሼ። ሦስት ጊዜ አጣራሁት፣ አልጠራም፤ ቀይ እንደሆነ ነው። አጎቴ ‹ይበቃል፣ አላህ ያውቃል› ብሎ ከእጄ ወሰደው። ሁልጊዜ ትዝ ሲለኝ ምን ይደረግ፣ ውሃ አልነበረም እላለሁ። እኔ የተጽናናሁት በዚያ ነው፣ ጋሼ። ውሃ አልነበረም እያልኩ።»

ጋሽ ብዙነህ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። አልጠረጉትም። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «አውፍ በይኝ፣ ልጄ» አሉ እንደገና። እኔም ማልቀሴን ያወቅሁት አፍንጫዬን ስስብ ነው።

ሳቢሪን አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለን ነበር። ከጆንያው ላይ ተነሣች፤ ያሰረችውን ዕቃ መፍታት ጀመረች፤ ልብሷን አንድ በአንድ እያወጣች አልጋው ላይ አስቀመጠች።

«ዘንድሮ አልሄድም እንግዲህ» አለችኝ፣ ወደ እኔ ሳትዞር። ከዚያ ወደ ጋሽ ብዙነህ ዞረች። «እርስዎ ሃያ ሁለት ዓመት ይዘውት ኖረዋል» አለች። «እኔ ገና አሁን መስማቴ ነው። ጊዜ ይስጡኝ።»

ጋሽ ብዙነህ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ምን ያህል ጊዜ ብለው አልጠየቋትም።